የዘጌን ቡና ማጠብ ይሻላል ወይስ አስተካክሎ ማድረቅ? ጥያቄውና የመጡት 23 ምላሾች

ይህን የውይይት ክር የከፈትሁት በታኅሣሥ መጀመሪያ፣ በዘጌ የዘንድሮው ለቀማ ገና ሳይጠናቀቅ ነበር። ምላሾቹ አሁን 23 ደርሰዋል። ዘግይቶ የሚመጣ አንባቢ ሁሉንም ከላይ ጀምሮ ማገላበጥ ስለሚቸግረው፣ ማን ምን እንዳለ በየተራው እተርካለሁ። በአንዳንዱ ምላሽ ላይ ረዘም አድርጌ የቆየሁት ነገሩ ስለሚገባው ነው፤ በአጭሩ ያለፍሁትን ጸሐፊ ግን ንቄ አይደለም።

በመነሻው ጽሑፍ ያቀረብሁት ይህን ነበር። ባሕር ዳር ውስጥ ቡና እየቆላሁና እየፈጨሁ ለሰው ቤትና ለጥቂት ቡና መሸጫዎች አቀርባለሁ። ደንበኞቼ የይርጋ ጨፌና የጅማ ቡና ይጠይቁኛል፤ ከከተማችን በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ርቆ በጣና ዳር ስለሚበቅለው የዘጌ ቡና ግን የሚሉኝ አፈር አፈር ይላል የሚል ብቻ ነው። እኔም የቦታው ጠባይ ነው ብዬ ለዓመታት ተቀብዬው ኖሬአለሁ። ዘንድሮ ግን የባለቤቴ አክስት እዚያ ካላቸው ትንሽ የቡና ቦታ ሦስት ጊዜ 18 ኪሎ እሸት አስለቀምሁ። የመጀመሪያውን ቀዩን ብቻ አስመርጬ፣ ውኃ ውስጥ ጨምሬ የተንሳፈፈውን ለይቼ፣ ከመሬት ከፍ ባለ የሽቦ ወንፊት አልጋ ላይ በስሱ አሰጣሁት። ቀን ቀን ደጋግሜ እያገላበጥሁ፣ ማታ ማታ ከጤዛ እየሸፈንሁ በ19ኛው ቀን አነሣሁት። ሁለተኛው እንደተለመደው አረንጓዴውም ቀዩም ከቅርንጫፉ በአንድ ላይ ተመልምሎ መሬት ላይ በተነጠፈ አሮጌ ሸራ ደረቀ። ሦስተኛው ቀይ ብቻ ነበር፤ ነገር ግን ጀልባው አምልጦኝ በማዳበሪያ ከረጢት እንደታሰረ ሁለት ሌሊት አደረና ከዚያ በኋላ አልጋ ላይ ወጣ።

ሦስቱንም ቆልቼ ስፈጫቸው ልዩነቱ ገና ከሽታው ጀመረ። የመጀመሪያው ማርና የበሰለ ፍሬ ሸተተ፤ ሲጠጣም ጣፋጭነቱ እስከ ስኒው መጨረሻ አልለየውም። ሁለተኛው ያው የምናውቀው ነው፤ አፈር አፈር ይላል፣ ምላስ የሚያኮማትር ምሬትም አለው። ሦስተኛው የእርሾ ሽታ ያዘና ወደ ኮምጣጤ አደላ፤ ሁለተኛ ስኒ የሚያስደግም አልሆነም። ዛፉ አንድ፣ አፈሩ አንድ፣ ጥላው አንድ ሆኖ ጣዕሙ ሦስት ከሆነ፣ የዘጌን ቡና ስም ያጠፋው ከለቀማ አንሥቶ ጆንያ እስኪገባ ድረስ ያለው አያያዝ ነው ብዬ ጻፍሁ። ቀጥዬም ጠየቅሁ፤ አንዳንዶች እንደሚመክሩት ለዘጌ የሚያስፈልገው የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ነው፣ ወይስ ገበሬው ያለ ውኃ በአልጋ ላይ በሚገባ ማድረቁ ይበቃል? የእኔ ሐሳብ ወደ ሁለተኛው እንደሚያደላ አልሸሸግሁም።

1ኛው ምላሽ በጣም ጨዋ ነበር። ጸሐፊው ጡረታ የወጡ የግብርና ባለሙያ ሲሆኑ፣ ካመሰገኑኝ በኋላ ሦስቱ ቡናዎች በእኩል መጠን መቆላታቸውንና ስቀምሳቸው የትኛው የትኛው እንደሆነ አለማወቄን ጠየቁ። እውነቱን ለመናገር አውቅ ነበር። ስለዚህ በሚቀጥለው እሑድ ስኒዎቹን ከሥራቸው ብቻ ምልክት አድርጌ ለሦስት ጎረቤቶቼ አቀረብሁ። ሁለቱ የአልጋውን መረጡ። ሦስተኛው፣ በዕድሜ የገፉ አባት፣ መሬት ላይ የደረቀውን ወደዱ፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ቡና የሚሉት እርሱን መሆኑን ነገሩኝ። ይህንንም ሳልቀንስ ወደ ክሩ መልሼ ጻፍሁት።

በ2ኛው ምላሽ አንዲት የግብርና ተማሪ የጣዕሙን መነሻ አብራራች፤ ከጠቅላላው ክር ብዙ የተማርሁበት ክፍል ይህ ነው። የቡና ፍሬ ከዛፍ ሲወርድ ከ60 በመቶ በላይ ውኃ እንደሚይዝና ለክምችት የሚበቃው ከ10 እስከ 12 በመቶ ሲደርስ እንደሆነ፣ በዚህ መካከል በዘሩ ውስጥም በዙሪያውም ብዙ ለውጥ እንደሚካሄድ ገለጸች። በልጣጩና በዘሩ መካከል ያለው ዝልግልግ ሽፋን ስኳርና ፔክቲን የሞላበት ስለሆነ እርሾዎችና የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ይመገቡታል። በሚታጠበው ቡና ልጣጩ በማሽን ይነሣል፤ ሽፋኑም በገንዳ ተብላልቶ በውኃ ይወገዳል፤ ስለዚህ ቃናው ጥርት ያለ፣ ኮምጣጣነቱ ደመቅ ያለ ይሆናል። ሳይታጠብ በሚደርቀው ግን መብላላቱ በልጣጩ ውስጥ ቀስ እያለ ስለሚቀጥል የፍሬ መዓዛና አፍ የሚሞላ ውፍረት ያመጣል። የእኔ ሦስተኛ ክፍል የተበላሸው ከረጢቱ ውስጥ ሙቀቱ ጨምሮ፣ አየር ጠፍቶ፣ መብላላቱ ከልክ ስላለፈ መሆኑን ስታስረዳ፣ ማዳበሪያ ከረጢት ለቡና ማደሪያ እንዳይሆን አጥብቃ አሳሰበች። በእርጥብ መሬት ላይ የሚደርቅ ቡና ሻጋታ እንደሚይዝ፣ ከሻጋታው አንዳንዱም ኦክራቶክሲን የሚባል መርዝ እንደሚያመነጭ፣ ስለዚህ ጉዳዩ ከጣዕምም አልፎ የጤና እንደሆነ ጨምራለች።

3ኛው ምላሽ አጭር ቢሆንም ቁም ነገር ነበረው። ቡና ሽታ ስለሚስብ ጌሾ፣ በርበሬ ወይም ላምባ ባለበት ክፍል የሚቀመጥ ጀንፈል (ከነልጣጩ የደረቀ የቡና ፍሬ) የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢደርቅ ያንኑ ሽታ ይዞ እንደሚወጣ ጸሐፊው አስታወሱ። በዘጌ ቡናና ጌሾ የአንድ ጓሮ፣ ብዙ ጊዜም የአንድ ጎተራ ጎረቤቶች ስለሆኑ ነገሩ ቦታውን ይመለከታል።

ከባድ ተቃውሞ የመጣው በ4ኛው ምላሽ ነው። ጸሐፊው ቡና ቀማሽ ሆነው በሙያው የሠሩ የባሕር ዳር ልጅ ናቸው። እንደ እርሳቸው አነጋገር፣ ማጠብ ለቡና አዲስ ጣዕም ከመጨመሩ ይልቅ የመበላሸትን አደጋ ይቀንሳል። የታጠበ ቡና በ10 ቀን ገደማ ይደርቃል፤ ሳይታጠብ የሚደርቀው ግን ሦስት ሳምንትና ከዚያም በላይ ይፈልጋል፤ በነዚያ ቀናት አንድ ሰው አንድ ከሰዓት በኋላ ቢዘናጋ ድካሙ ሁሉ ይጠፋል። እኔ 18 ኪሎ በመጠበቄ የተሳካልኝን፣ ብዙ መቶ ቤተሰቦች እያንዳንዳቸው በየጓሯቸው ሲያደርቁ አንድ ዓይነት ውጤት ይገኛል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው አሉ። ከ100 ነጥብ በሚሰጠው የቅምሻ ፍርድ ስፔሻሊቲ፣ ማለትም ልዩ ጥራት ያለው ቡና፣ ለመባል 80 ማግኘት እንደሚያስፈልግ፣ የአንድ ቤት ሻጋታ የሌላውን ቤት ጥሩ ቡና በአንድ ጆንያ ውስጥ ከዚህ በታች እንደሚያወርደው፣ ይርጋ ጨፌም የአበባና የሎሚ መዓዛዋን ለዓለም ያስታወቀችው በዋናነት በታጠበ ቡና እንደሆነ አስረዱ። የሚመለስ ክርክር አልነበረም፤ እኔም ለጊዜው ዝም አልሁ።

5ኛው ምላሽ ወደ እርሻው ወሰደን። አስተያየት ሰጪው የዘጌ ዛፎች ያረጁ ስለሆኑ በጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል በወጡት እንደ 74110 ባሉ የቡና ዝርያዎች ችግኝ ይተኩ፣ አፈሩም የከብት ፍግ ይጨመርበት አሉ። የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 በአገራችን ከታየ በኋላ በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎች ፍለጋ መጀመሩን፣ በስማቸው መግቢያ ላይ ያለው 74ም እናት ዛፎቹ የተመረጡበትን እ.ኤ.አ. የ1974 ዓመት እንደሚያመለክት በትክክል አስረድተዋል።

ስለ ቦታው ግን ተሳስተው ነበር፤ 6ኛው ምላሽም ወዲያው አረመ። የጻፉት ዘጌ ላይ ተወልደው ያደጉ አባት ናቸው። በቀደመው የገዳማቱ ወግ በዘጌ በበሬ ማረስና ከብት ማርባት የተከለከለ በመሆኑ ፍግ ከየት እንደሚመጣ በትሕትና ጠየቁ። አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሦስት ላይ ሰብረው ቢተክሏት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆና በቀለች የሚለውን አባቶች ሲተርኩት የኖሩትን ነገር አነሡና፣ ሕዝቡ በእነዚህ እንጂ በእህል እርሻ እንዳልኖረ አብራሩ። ማረሻ ያልነካው መሬት የቅጠል ንጣፉ ስለማይነሣ ጎርፍ አይጠርገውም፤ ከጥላ ዛፎቹም እንደ ብርብራና ሳሳ ያሉት ናይትሮጂን ወደ አፈር ስለሚመልሱ ቡናው የሚመገበው ከዛፎቹ ነው። ዓሣ አስጋሪዎች ቀድሞ የብርብራን ፍሬ ወቅጠው ዓሣ ለማደንዘዝ ይጠቀሙበት እንደነበርም በዚያው ጠቅሰዋል። ፍግ በሌለበት የቡናውን ልጣጭና ገለፈት አብስሎ ኮምፖስት ማድረግ እንደሚቻል፣ እርጅናውንም በተመለከተ ሁሉን ነቅሎ ከመተካት ጉንደላ እንደሚሻል ተናገሩ። ግንዱን ከመሬት ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ትቶ፣ የዝናብ ውኃ እንዳይተኛበት ዘንበል አድርጎ መቁረጥ፤ አዲሱ ቅርንጫፍ ፍሬ እስኪሰጥ ሁለትና ሦስት ዓመት ስለሚወስድም ቦታውን ከፋፍሎ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት መጎንደል ነው። የአካባቢውን ዘር አጥፍቶ በአንድ ዓይነት ችግኝ መተካት ግን የቡና መገኛ በሆነች አገር ሊደፈር እንደማይገባ በጽኑ ቃል አስቀምጠዋል። እኔ በዚህ ከእርሳቸው ጋር ነኝ።

7ኛው የእኔው ነበር። ለ4ኛው ጸሐፊ ስመልስ ስለ ውኃ አነሣሁ። ከመፈልፈያና ከማጠቢያ ገንዳ የሚወጣው ፍሳሽ ስኳርና አሲድ የበዛበት ስለሆነ፣ ሐይቅ ውስጥ ሲገባ የሚያብላሉት ረቂቅ ተሕዋስያን የውኃውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። ዘጌ በሦስት በኩል በጣና የተከበበች ስለሆነች ፍሳሹ የሚሄድበት ሌላ አቅጣጫ የላትም፤ ሐይቁና ዙሪያው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የሕይወት ክልል (ባዮስፌር፣ ተፈጥሮና ሰው አብረው የሚጠበቁበት ቦታ) ሆኖ የተመዘገበ ነው። በ8ኛው ምላሽ አንድ የድሬዳዋ ሰው ደገፉኝ፤ ሐረር ውኃ ስለሚያጥረው ቡናውን ሳያጥብ እያደረቀ የኖረ መሆኑን፣ ስሙም በዚሁ ባልታጠበ ቡናው ዓለምን ማዳረሱን አስታወሱ። ይህ ምሳሌ 4ኛውን ተቃውሞ በከፊል ያላላው ይመስለኛል።

9ኛው ምላሽ ግን ቁጣ ነበረበት። መሐንዲስ የሆኑት ጸሐፊ እኔ የምናገረው ስለ ድሮ ጣቢያ ነው አሉ። ዛሬ ዝልግልጉን ሽፋን በማሽን ፍትጊያ የሚያነሡና ከድሮው እጅግ ያነሰ ውኃ የሚጠቀሙ መፈልፈያዎች እንዳሉ፣ ፍሳሹም በጉድጓድ ተጠራቅሞ ቬቲቨር ሣር በተተከለበት መሬት ውስጥ እንዲሰርግ እንደሚደረግ ዘረዘሩ። ከዚያም የከተማ ሰው የራሱ ከተማ ጎርፍና ፍሳሽ ወዴት እንደሚወርድ ሳይጠይቅ ለገበሬው ሲሆን ብቻ የሐይቅ ጠበቃ ሆኖ መቅረቡን ወቀሱ። ስለ ማሽኑ የተናገሩት ትክክል ነው፤ በጽሑፌ አለማካተቴም ስሕተት ነበር። ወቀሳውም ከነመራራነቱ እውነት አለበት። ሆኖም ማሽኑን ማን እንደሚገዛ፣ ነዳጁንና መለዋወጫውን ማን እንደሚችል፣ ጉድጓዱ በክረምት ሞልቶ ቢፈስ ማን እንደሚጠየቅ አልመለሱልኝም።

ሐይቁ ከተነሣ እምቦጭ መነሣቱ አይቀርም። ከ10ኛው እስከ 12ኛው ያሉት ምላሾች ስለ እርሱ ብቻ ነበሩ፤ አንዱ አረሙ ከማሳ ታጥቦ በሚመጣ ማዳበሪያ እንደሚፋፋ፣ ሌላው በዘመቻ ተነቅሎ በየዓመቱ እንደሚመለስ፣ ሦስተኛው ደግሞ የቆሮሶ ዓሣ ከገበያ የጠፋው በእርሱ ነው ብለው ተከራከሩ። 13ኛው የአወያዩ መልእክት ነበር፤ ጉዳዩ የራሱ ክር እንዲከፈትለት ጠይቀው ወደ ቡናው መለሱን።

14ኛው ምላሽ የክሩ እምብርት ነው እላለሁ። የ6ኛው ምላሽ አባት ተመልሰው መጡ፤ በዚህ ጊዜ ግን ያ ትሕትናቸው ተሟጥጦ ነበር። ስለ ማጠብና ስለ ማድረቅ ሁላችንም ስንጽፍ ስለ ዋጋ ማንም ሳይጽፍ 13 ምላሽ ማለፉን ታዘቡ። ቀይ ብቻ ለመልቀም ወደ አንድ ዛፍ ሦስት አራት ጊዜ መመለስ ግድ ነው፤ በኪሎ የሚከፈለው ለቃሚ ቀዩን እየመረጠ ሲውል ዕለቱን የሚያገኘው ገንዘብ ይቀንሳል። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ማገላበጥ፣ መሸፈን፣ መጠበቅ አለ። ይህን ሁሉ ያደረገው ገበሬና በአንድ ጊዜ መልምሎ መሬት ላይ የጣለው ጎረቤቱ ሁለቱም ጀንፈላቸውን ይዘው ቡና ሰብሳቢው ነጋዴ ዘንድ ሲቀርቡ፣ ሚዛኑ አንድ፣ ዋጋውም አንድ ነው። የገና ወጪና የልጆች ደብተር ደግሞ እስከ 19ኛው ቀን አይታገሡም። ገበሬው ጥራት ጠልቶ ወይም ሳያውቅ የሚያበላሽ መስሎ መጻፋችን እንዳሳዘናቸው፣ እናታቸው ቀይ ፍሬ ለይተው ለገዳሙ ሲሰጡ እያዩ ማደጋቸውን ጻፉ። ቀጥሎ ያሉት ከሁሉም በላይ አስጨነቀኝ። ቡናው ዋጋ ሲያጣ ሰው የሚያየው ከቡናው በላይ ያለውን ዛፍ ነው፤ ዋንዛው ጣውላ፣ ሌላው ማገዶ ሆኖ ባሕር ዳር ይሸጣል። ጥላው ሲሳሳ ፍሬው በፀሐይ ተጣድፎ ስለሚቀላ እንደ ቀድሞው አይጠነክርም፣ ጣፋጭነቱም ይቀንሳል፤ ቡናው የባሰ ዋጋ ያጣል፤ ሌላ ዛፍ ይወድቃል። እኔ ሦስት ስኒ አሰልፌ የፈለግሁትን ጣዕም እርሳቸው ከደኑ ህልውና ጋር አገናኙት። ደጋግሜ ያነበብሁት ምላሽ ይህ ነው።

በ15ኛው አንድ ነጋዴ በጣም ተቆጥተው ገቡ። ሰብሳቢ ሁሉ ዘራፊ ተደርጎ መሣሉን ተቃወሙ። ከጥቂት ዓመት በፊት ለቀይ እሸት ብልጫ ከፍለው እንደነበር፣ ከጆንያው አናት ቀይ፣ ከታች አረንጓዴ እየተሞላ ሲመጣባቸው ኪሣራ ላይ ወድቀው እንደተዉት፣ 54 ኪሎ እሸት የገዛ ቡና ቆይም ስለ ገበያ ሊያስተምራቸው እንደማይገባ ተናገሩ።

16ኛውን እኔ ጻፍሁ። ስለ መጠኑ ልክ ናቸው፤ የእኔ ግዢ ገበያ የሚባል አይደለም። የማደርገውን ብቻ ገለጽሁ። ከለቀማው በፊት ሁለት ዋጋ እንስማማለን፤ እሸቱ በሻጩ ፊት ሰሌን ላይ ይዘረገፋል፣ በጋራ ይለያል፣ ቀዩ በቀዩ ዋጋ፣ የቀረው በተለመደው ይመዘናል። ጆንያ ሳይገለበጥ ስለማይመዘን ከላይና ከታች የሚለያይ ነገር አይኖርም። ሒሳቡንም አስቀመጥሁ፦ 6 ኪሎ ገደማ እሸት 1 ኪሎ ንጹሕ ቡና ስለሚሰጥ፣ በእሸቱ ኪሎ ላይ 5 ብር ስጨምር በንጹሑ ላይ 30 ብር ይጨምርብኛል። ይህን ለመመለስ ደንበኛዬ ልዩነቱን መቅመስ አለበት፤ ለዚህም ነው ጣዕሙ ላይ እንዲህ የምደክመው።

17ኛዋ የዘጌ ቡና ለቃሚ እናት ናቸው። ከዋጋው ሌላ ስለ ፍርሃት ጻፉ። ቀይ ፍሬ ዛፍ ላይ አድሮ ሲቆይ ቀን ጦጣ፣ ሌሊት ሌባ ይወስደዋል፤ ስለዚህ ሰው ገና ሲቀላላ ይለቅማል፤ ጎረቤቱ ሲለቅም ያየም የራሱ እንዳይሰረቅ ይከተላል። እርሳቸው ባሉበት ሰፈር ጥቂት ቤቶች ተራ ገብተው መጠበቅ ከጀመሩ ወዲህ ፍሬውን ሙሉ በሙሉ እስኪቀላ ማቆየት ችለዋል። ለ14ኛው ጸሐፊ ጋሼ ብለው ሲመልሱ፣ ዋጋው ቢስተካከልም ጥበቃው ካልቀደመ ቀይ ፍሬ እንደማይገኝ አስረዱ።

18ኛው ምላሽ ትዕግሥት ያጣ ወጣት ነበር። ቡናው ምጣድ ላይ ከሰል እስኪመስል ተቆልቶ፣ ጤና አዳም ተጨምሮበት ለሚጠጣ ሕዝብ ይህ ሁሉ ክርክር ምን ያደርጋል አለ። የ19ኛው ምላሽ ጸሐፊ፣ አንዲት እናት፣ «ልጄ» ብለው መለሱለት፤ ቃላቸው ለስላሳ ቢሆንም መልሱ አልራራለትም። መሬት ላይ የደረቀ ቡና ገና ታጥቦ ምጣድ ላይ ሲያርፍ፣ በመጀመሪያው ጢስ እንደሚታወቃቸው፣ እንግዳ ፊትም እንደማያቀርቡት ነገሩት። ደግሞም ሌላው ሁሉ ሲጠቁር አልጠቁር ብሎ ፈዞ የሚቀር ፍሬ በየጠዋቱ እየለቀሙ ሲጥሉ 30 ዓመት እንደሆናቸው፣ ምክንያቱን ግን ማንም ነግሯቸው እንደማያውቅ ጠቀሱ። የ2ኛው ምላሽ ተማሪ እዚያው ሥር መለሰችላቸው፤ ያ ፍሬ ሳይበስል የተለቀመ በመሆኑ የሚያጠቁረው ስኳር አልሞላበትም፤ የሚያኮማትረው ጣዕምም የእርሱ ነው። እኒህ እናት ከአንድ ስኒ ቡና ለቀማው እንዴት እንደነበረ ሲያነቡ ኖረዋል ማለት ነው። ወጣቱ ይቅርታ ጠየቀ።

20ኛው መካከለኛ መንገድ አቀረበ፤ ልጣጩን በእጅ መፈልፈያ አንሥቶ ዝልግልጉን ሽፋን ሳያጥቡ እንዳለ ማድረቅ፣ በሙያው ሃኒ የሚሉትን። ውኃ ስለማይበላ አማራጩ መልካም ነው፤ ነገር ግን የሚያጣብቅ ስለሆነ ዝንብ ይሰበስባል፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከሙሉው ፍሬም በላይ መገላበጥ ይፈልጋል፣ የሐይቁ የጠዋት እርጥበትም ያሠጋዋል። ለመጀመሪያ ዓመት አልመክረውም። 21ኛው የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ሕግ ከታኅሣሥ 2020 ማብቂያ በኋላ ደን በተመነጠረበት መሬት የበቀለ ቡና እንዳይገባ የሚከለክል በመሆኑ፣ በጥላ ሥር የኖረ የዘጌ ቡና የእርሻው ቦታ በካርታ ላይ ከተመዘገበ የሚጠቀምበት ዕድል እንዳለ አሳሰበ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ አሁን ባለን መጠን ግን መጀመሪያ ባሕር ዳርን እናጥግብ እላለሁ፤ ከአገራችን ቡና ግማሽ ያህሉን የምንጠጣው ራሳችን ነን።

በ22ኛው የ4ኛው ምላሽ ቀማሽ ተመለሱ። የውኃውንና የወጪውን ነገር ካነበቡ በኋላ ለዘጌ ማድረቅ እንደሚቀድም ተቀበሉ፤ ሥጋታቸውን ግን አልተዉትም። እያንዳንዱ ቤት ለብቻው ከሚያደርቅ አምስት ስድስት ጎረቤቶች በአንድ ቦታ አልጋ ሠርተው አንድ ሰው በተራ እንዲመድቡ፣ ፍሬው ከአራት ሳንቲ ሜትር በላይ እንዳይከመር፣ የተለያየ ቀን ለቀማ በአንድ አልጋ እንዳይደባለቅ፣ የእርጥበት መለኪያ እስኪገኝ ድረስም ጀንፈሉ ሲነቀነቅ ዘሩ ውስጡ የሚንኳኳ መሆኑ እንዲታይ መከሩ። ከየአልጋው ናሙና ቢላክላቸው ያለ ክፍያ እንደሚቀምሱም ቃል ገቡ። የ9ኛው ምላሽ መሐንዲስ በዚህ ምላሽ ሥር የአልጋ ንድፍ አስቀመጡ፤ ከቁጣቸው በኋላ ይህን በማድረጋቸው አመሰግናቸዋለሁ።

23ኛውና እስከ ዛሬ የመጨረሻው የዘጌው አባት ናቸው። የሽቦ ወንፊት ዋጋው ስለከበደ፣ ታንኳ ከሚሠሩበት ደንገል ሳሳ አድርገው ቢጎነጉኑና በእንጨት እግር ላይ ቢዘረጉት አየር ያሳልፍ እንደሆነ ጠየቁ። አየሩ ካለፈና ደንገሉ ራሱ በሚገባ ከደረቀ የሚሠራ ይመስለኛል፤ እርጥበት ይዞ ሻጋታ እንዳያወጣ ግን እፈራለሁ ብዬ መለስሁ። በመጪው ሳምንት የመጨረሻውን ለቀማ ሲያደርጉ ከአንድ ዛፍ ሥር የተለቀመ ቀይ እሸት ለሁለት ከፍለን፣ እኩሌታውን እኔ በምወስደው ሽቦ ላይ፣ እኩሌታውን በእርሳቸው ደንገል ላይ ጎን ለጎን ልናሰጣ ተስማምተናል። የደረቀበትን ቀን ብዛትና ናሙናው የሚያገኘውን ነጥብ በ24ኛው ምላሽ እጽፋለሁ።